ጆጉን መጀመሪያ አስቀምጡት፦ የተረሳ የቤት አበባን ስለማዳን

እናቴን ሳስታምም ሦስት ወር ደባርቅ ቆየሁ። አርባዋ ካለፈ በኋላ ጎንደር ወዳለው ቤቴ ተመለስኩ። በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት መጋረጃው ስር የረገፉትን ቅጠሎች ነው። ደርቀው ተጠቅልለዋል። መኒ ፕላንቱ ከቁም ሳጥኑ ላይ እንደ ገመድ ተንጠልጥሏል። በረንዳ ላይ የነበረው ጤና አዳም ግራጫ ሆኗል። እኔ ደግሞ በእጄ የእናቴን ጄራኒየም ይዣለሁ። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ የተተከለ፣ ቀይ አበባ ያለው። ጤነኛ ነበር።

ሻንጣዬን ሳላወርድ ጆግ ሙሉ ውሃ ቀዳሁና ሁሉም ላይ አፈሰስኩ። በማግስቱም አጠጣሁ። ከዚያ በኋላ የየቀኑ ሆነ። ጤና አዳሙ በረንዳ ላይ ስለሆነ አንዳንድ ቀን ይረሳል፤ መኒ ፕላንቱም ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ አይደረስበትም። ጄራኒየሙን ግን አንድ ቀን አልዘለልኩትም። ጀበናው ሳይጣድ እሱ ይጠጣ ነበር። ወር ሳይሞላው ግንዱ ከስር ጠቆረ። በጣቴ ስነካው እንደበሰለ ድንች ሟሟ። ቆርቆሮውን ስገለብጠው አፈሩ እንደ ሊጥ ተላቁጧል። የረጋ ኩሬ ይሸታል። ያን ጊዜ ነው ቆርቆሮው ስር ቀዳዳ እንደሌለው ያየሁት። እናቴ በቡና ስኒ ነበር የምታጠጣው። በሳምንት አንድ ስኒ። እኔ በጆግ አደረግኩት።

የረሳኋቸው ሁለቱ ተረፉ። ቀንና ሌሊት ያሰብኩለት ሞተ።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጎረቤትም ብዙ የተጎዳ አበባ አንስቻለሁ። ደጋግሜ ያየሁት ነገር አንድ ነው። ብዙው አበባ ሰው በሌለበት ጥሙን ችሎ ይቆያል፤ የሚሞተው ባለቤቱ ተመልሶ ባዘነለት ሳምንት ነው።

አበባ ደርቆ ሲያዩት አንጀት ይበላል። "ለአበባ ነው እንዴ እንዲህ የሆንሽው?" የሚል ሰው አይጠፋም። ግን ያ አበባ ከጎረቤት ተቆርጦ የመጣ ይሆናል። የሟች ማስታወሻ ይሆናል። ቤት የተከራያችሁ ዕለት የገዛችሁት ይሆናል። ደግሞም ሰው አበባውን የሚረሳው ሲደላው አይደለም። ሲታመም ነው፣ ሲያስታምም ነው፣ ሥራ ሲያጣ ነው፣ ልቡ ሲሰበር ነው። ስለዚህ ደርቆ ስታገኙት ያ ክፉ ጊዜ አብሮ ይመጣል። "እኔ የተከልኩት አይጸድቅልኝም" የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ። ቀርቤ ሳይ ብዙዎቹ እጃቸው ደህና ነው። ጸጸታቸው ነው የሚያስቸግራቸው፤ ጸጸቱ ደግሞ በውሃ ነው የሚወጣው።

መጀመሪያ፦ ዛሬ አታጠጡ

ጆጉን አስቀምጡት። ሦስት ወር የቆየ ተክል አንድ ሌሊት ቢጨመርበት አይሞትም። በስህተት የሚፈስበት ሁለት ሊትር ውሃ ግን ሊገድለው ይችላል።

መሬት ላይ አንድ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፉ። አበቦቹን ሁሉ አምጥታችሁ ጎን ለጎን ደርድሩ። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኛቸው፣ ግን ብርሃን ያለበት ቦታ ይሁን። በስልካችሁ አንድ በአንድ ፎቶ አንሷቸው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ "ምንም ለውጥ የለውም" ብላችሁ ተስፋ ስትቆርጡ ያን ፎቶ ታያላችሁ።

ቅጠሉ ስር ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ወይም ቀጭን ድር ያለበትን ለብቻው አርቁት። ተባይ ነው። ወደሌላው ይሻገራል።

ቀጥሎ፦ ጠምቶታል ወይስ ሰጥሟል?

የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። የጠማው ተክልም ውሃ የበዛበት ተክልም ሲጠወልጉ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ምክንያቱ ሥሩ ነው። ሥር አየር ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ በውሃ ከተሞላ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ በጥም ይጠወልጋል። እኛ ደግሞ "ጠምቶት ነው" ብለን እንጨምርለታለን።

በዓይን አትፍረዱ። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ላዩ ደርቆ ውስጡ ጭቃ ሊሆን ይችላል። መትከያው ጥልቅ ከሆነ ቀጭን ደረቅ ስንጥር እስከ ታች ሰክታችሁ 10 ደቂቃ ቆዩ። ድፎ ዳቦ በስሎ እንደሆነ የምናይበት መንገድ ነው። አፈር ይዞ ከወጣ እርጥበት አለ። ንጹህ ሆኖ ከወጣ ደርቋል።

ከዚያ መትከያውን አንሱት። የደረቀ አፈር ይቀላል፤ ስታነሱት እጃችሁ ይገረማል። አሽትቱትም። ጤነኛ አፈር ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ የወረደበትን መሬት ይሸታል። የበሰበሰ ሥር ያለበት ይከረፋል።

የጠማው ቅጠል ጫፉ ቡናማ ሆኖ ሲነካ ይሰበራል። አፈሩ ከመትከያው ጠርዝ ተላቆ ዙሪያውን ክፍተት ፈጥሯል። የሰጠመው ቅጠል ቢጫና ልፍስፍስ ነው፤ ግንዱ ከአፈሩ በላይ ባለው ቦታ ይለሰልሳል፣ አፈሩ ላይም ትንንሽ ትንኞች ይበራሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለአበባም ይሠራል። ከመጠን በላይ የጠጣ አበባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደህና ይመስላል።

በሕይወት አለ?

ቅጠል የለውም ማለት ሞቷል ማለት አይደለም። ግንዱን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። ከላይ ከጫፉ ጀምራችሁ ወደታች ውረዱ። ከቅርፊቱ ስር አረንጓዴና እርጥብ ካገኛችሁ እዚያ ሕይወት አለ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ትንሽ ወደታች ወርዳችሁ እንደገና ሞክሩ።

የእኔን ጤና አዳም እንዲህ ነው ያገኘሁት። ላዩ ሁሉ እንደ ጭራሮ ቅር ቅር ይላል። ስፍቀው ቡናማ፣ ዝቅ ብዬ ስፍቀው ቡናማ። ከአፈሩ አራት ጣት ከፍ ብሎ ያለው ቦታ ላይ ግን እንደ ክር የቀጠነች አረንጓዴ መስመር አየሁ። ሽታው ወዲያው ወጣ። ቡና ላይ የሚጣለው ያ ሽታ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጤና አዳም ስትነኩ ግን ተጠንቀቁ። ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። ጓንት አድርጉ፤ ከሌለ ፌስታል በእጃችሁ ላይ አጥልቁና ስትጨርሱ በሳሙና ታጠቡ። መኒ ፕላንትም ቢሆን ሕፃንና ድመት እንዳያኝከው ከፍ አድርጉት። አፍ ያቃጥላል።

ግንድ የሌላቸውን በእጅ መርምሩ። ስኔክ ፕላንት የሚባለው፣ እንደ ቃጫ ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ቅጠሉ ሥሩ ጋ ጠንካራ ከሆነ ይተርፋል። ሬትም እንደዚያው ነው። ቅጠሉ ቢሳሳና ቢሸበሸብም መሃሉ ላይ ያለው እምቡጥ ጠንካራ ከሆነ ተስፋ አለው። ጥርጣሬ ካደረባችሁ አውጡትና ሥሩን እዩ። ደህና ሥር ነጭ ወይም ክሬም መልክ አለው፤ ሲጎተት አይበጠስም። የሞተ ሥር ጥቁር ነው። ስትጎትቱት ልባሱ ተንሸራቶ ክር ብቻ ይቀራል።

ለጠማው

የደረቀ አፈር ላይ ከላይ ውሃ ብታፈሱ በጠርዙ ክፍተት ወርዶ በታች ይወጣል። ሳህኑ ሲሞላ ጠጥቷል ትላላችሁ። መሃሉ ግን እንደደረቀ ነው። በጣም የደረቀ አፈር ውሃ ይገፋል።

ስለዚህ ከታች ይጠጣ። ሳፋ ውስጥ ውሃ አድርጉ፤ እስከ መትከያው ሲሶ የሚደርስ ይበቃል። ውሃው ቤት ውስጥ የዋለ ይሁን፤ ሌሊት ውጭ ያደረ ውሃ በተለይ በታህሳስና በጥር ይቀዘቅዛል። ቀዳዳ ያለውን መትከያ እዚያ አስቀምጡትና ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ተዉት። የላይኛው አፈር ሲጨልምና ሲረጥብ አውጡት። መጀመሪያ ላይ ከተንሳፈፈ አትደንግጡ፤ በእጃችሁ ደገፍ አድርጉት። ከዚያ አዘንብላችሁ አንጠፍጥፉት። ከስሩ ያለው ሳህን ላይ ውሃ እንዳይቀር።

ከዚያ ቁሙ። ሁለተኛው ውሃ የላይኛው ሦስት ሳንቲሜትር አፈር እስኪደርቅ ይጠብቅ። ቅጠል የሌለው ተክል ብዙ ውሃ አይጠጣም፤ የሚያተንበት ነገር የለውም። ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ስለ ውሃው ደግሞ። ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ ባለበት ቤት፣ ለአበባ ሳፋ ሙሉ ውሃ ማውጣት ይከብዳል። በሳፋው አንዱን ካጠጣችሁ በኋላ የቀረውን ለሌላው ጤነኛ አበባ ተጠቀሙበት፤ ተባይ ወይም ብስባሽ ላለበት የተነከረበትን ግን ድፉት። ሩዝና አትክልት ያጠባችሁበት ውሃ ጨው ካልነካው ይሆናል። የሳሙና ውሃ፣ የልብስ እጣቢ፣ ጨው የገባበት የድንች ቅቃይ አይሆንም። ከቧንቧ በቀጥታ የቀዳችሁትን ክዳኑን ከፍታችሁ አሳድሩት፤ ክሎሪኑ ይቀንስለታል። ከሁሉም የሚሻለው በሐምሌና በነሐሴ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ይለፍ። ከዚያ የሚመጣውን አጠራቅሙ።

ለሰጠመው

ይህ ከባዱ ነው። ጊዜ ስጡት፤ ቅዳሜ ጠዋት ይሁን።

መትከያውን አዘንብላችሁ ተክሉን ሥሩ ጋ ይዛችሁ አውጡ። ግንዱን ይዛችሁ አትጎትቱ። እርጥቡን አፈር በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ አራግፉ። ጥቁርና የሚያንሸራትተውን ሥር ሁሉ ቁረጡ። መቀሱን ወይም ምላጩን በፊትም በኋላም ከፋርማሲ በሚገዛው አልኮል ጥረጉት። ደህናው ሥር ጋ ስትደርሱ አቁሙ። ሲሶው ብቻ ቢተርፍም ይበቃል፤ ግን የቀረው ሥር ያንን ሁሉ ቅጠል መሸከም ስለማይችል ከላይም የተወሰነ ቅጠል ቀንሱለት። ከዚያ ሥሩ ለጥቂት ሰዓት ጥላ ስር ጋዜጣ ላይ ይረፍ።

አሮጌውን አፈር ለሌላ አበባ አትጠቀሙበት።

አሁን መትከያው። ስሩን ገልብጣችሁ እዩ። ቀዳዳ ከሌለው ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። የቀለም ቆርቆሮም ሆነ የዘይት ጀሪካን ግማሽ፣ በመዶሻና በወፍራም ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ብዙ ሰው ቀዳዳ ከመብሳት ይልቅ ከታች ጠጠር ይደለድላል። እኔም አደርገው ነበር። ጠጠር ቀዳዳን አይተካም። ውሃው ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር ውስጥ ይቆማል፤ እንዲያውም ወደ ሥሩ ይጠጋል። የሳሎን ጌጥ የሆነውን ቀዳዳ የሌለውን ዕቃ መጠቀም ከፈለጋችሁ፣ ተክሉን ቀዳዳ ባለው ፕላስቲክ ተክላችሁ እሱ ውስጥ አስቀምጡት። ስታጠጡ አውጡት።

እጁ ውሃ ለሚያበዛ ሰው የሸክላ መትከያ ይሻላል። ሸክላ ይተነፍሳል፣ ከጎኑም እርጥበት ያስወጣል። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ብዙም ሳትርቁ ወለቃ አለች፤ የሸክላ ሥራዋን የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ለሠሪዎቹ ሸክላው ከመተኮሱ በፊት ስሩን እንዲበሱላችሁ ንገሯቸው። ከተተኮሰ በኋላ ልብሳ ብትሉ ይሰነጠቃል።

አፈሩስ? ብዙዎቻችን ከግቢ ቆፍረን እናመጣለን። በአዘዞ በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ ለጤፍና ለሽምብራ ጥሩ ነው። ቆርቆሮ ውስጥ ግን ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይሆናል፣ ይሰነጠቃል። ብቻውን አትጠቀሙበት። እኔ የምቀላቅለው ሁለት እጅ ቀይ ወይም ቡናማ የጓሮ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ነው። ለሬትና ለስኔክ ፕላንት አሸዋውን ወደ ሁለት እጅ ከፍ አደርጋለሁ። ፍጉ ሲያሸቱት የከብት ሽታ ካለው ገና ነው፤ ሥር ያቃጥላል። ድብልቁን እፍኝ ሙሉ ጨብጣችሁ እጃችሁን ስትከፍቱ ፍርክስ ካለ ልክ ነው። ድብልብል ሆኖ ከቀረ አሸዋ ጨምሩ።

ፋሲል መዋኛ ስትሄዱ የዛፎቹን ሥር ልብ ብላችሁ እዩት። ድንጋዩን አቅፎ፣ በየስንጥቁ ገብቶ ነው የሚኖረው። ሥር ክፍተት ሲያገኝ እንዲያ ነው።

ከጀበና የሚወጣውን የቡና አተላ በየቀኑ አበባው ላይ የምትደፉ ካላችሁ አቁሙ። ላዩ ላይ ተጋግሮ ሻጋታ ያወጣል፣ ውሃም አያሳልፍም። ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ግን ግሩም ነው።

ከተከላችሁ በኋላ በአንድ ስኒ ወይም ሁለት ስኒ ውሃ አርጥቡት። ያ ብቻ።

የት ይቀመጥ?

ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ፀሐዩ ይበረታል። የታመመ ተክል "ትንሽ ሙቀት ያግኝ" ተብሎ በረንዳ ላይ ሲወጣ በአንድ ቀትር ቅጠሉ ይነጣና ይቃጠላል። ከጨለማ ወደ ብርሃን በአንድ ቀን አይወጣም። መጀመሪያ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል አርቁት። በየሦስት በየአራት ቀኑ አንድ እርምጃ አስጠጉት። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት የምሥራቅ መስኮት ለሁሉም ይስማማል።

ስለ ደቡብ መስኮት አንድ ነገር ልጨምር። በውጭ አገር መመሪያዎች ላይ የደቡብ መስኮት ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል ይላሉ። እኛ ጋ እንዲያ አይደለም። ጎንደር ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም፤ 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ናት። በታህሳስና በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል የደቡቡ መስኮት ይፋጃል። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ግን ቀትር ላይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ነች። ስለዚህ ለጥምቀት ሰሞን ደቡብ መስኮት ላይ የነበረውን አበባ ትንሽ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ክረምት ላይ መልሱት። ፒያሳ አካባቢ ባሉት ጣሊያን በሠራቸው ግድግዳቸው ወፍራም ቤቶች የምትኖሩ ደግሞ ብርሃኑ ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ ሳይርቅ እንደሚደክም አስቡ።

ጄራኒየምና ጤና አዳም ካገገሙ በኋላ ውጭ ይኖራሉ። ፀሐይ ይወዳሉ። መኒ ፕላንትና ስኔክ ፕላንት ውስጥ ይመቻቸዋል።

መቀስ፣ አቧራ፣ ተባይ

ሙሉ በሙሉ የደረቀውን ቅጠል አንሱ። ግማሹ አረንጓዴ የሆነውን ተዉት፤ አላማረም እንጂ አሁንም ተክሉን እየመገበ ነው። የደረቀ ግንድ ስትቆርጡ አረንጓዴው ከሚጀምርበት ትንሽ ከፍ ብላችሁ ቁረጡ።

የበጋው አቧራ ቅጠል ላይ ሲተኛ ብርሃን ይጋርዳል። በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከስር በሌላው እጃችሁ ደግፋችሁ ጥረጉት። እንዲያብረቀርቅ ብላችሁ ዘይት ወይም ቅቤ አትቀቡ። ይደፍነዋል።

ነጭ ጥጥ መሳዩን ተባይ አልኮል በነካ ጥጥ አንድ በአንድ ልቀሙት። ለድር ሠሪው ቅጠሉን በደንብ ማጠብ፣ ከዚያም በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ በተለይ የቅጠሉን ጀርባ መርጨት ነው። በሳምንት አንዴ፣ ሦስት አራት ሳምንት። ትንኝ ለሚበርበት መድኃኒቱ አፈሩን ማድረቅ ነው።

መጠበቅ

ልብን የሚፈትነው ይሄኛው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ተክሉ የባሰበት ሊመስል ይችላል። ቅጠል ይጥላል። ያን ጊዜ እጅ ያሳክካል። ማዳበሪያ ልስጠው፣ ቦታ ልቀይርለት፣ ትንሽ ውሃ ልጨምርለት ያሰኛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ። ማዳበሪያ ለታመመ ሥር ሸክም ነው፤ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ፣ ቢያንስ ለአንድ ወር፣ ተዉት። ቦታም አትቀያይሩበት።

አንድ ነገር ማድረግ ካለባችሁ እዩት። ሳምንት አንዴ፣ ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር። አዲስ ነገር የሚወጣው ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት አንጓ ላይ ነው። መጀመሪያ እብጠት ይመስላል። የእኔ መኒ ፕላንት በአምስተኛው ሳምንት አንዷ አንጓው ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ነገር አወጣ። በስድስተኛው ሳምንት እንደ መርፌ ሾለች። ከዚያ አንድ ጠዋት ጥቅሏ ሲፈታ አየሁ። ቅጠሏ ከሌላው አረንጓዴ ነጣ ያለች፣ እርጥብ የምትመስል፣ በእጅ ስትነካ እንደ ሕፃን ጆሮ የምትለሰልስ ነበረች።

ሁለት ወር ጠብቃችሁ ምንም ካልወጣ፣ ግንዱንም እስከ አፈሩ ፍቃችሁ አረንጓዴ ካላገኛችሁ አልፏል። ማዘን ያለ ነው። ተባይ ወይም ብስባሽ ያልነበረበትን ጓሮ ቅበሩት፣ አፈር ይሆናል።

ሳይሞት ቁረጡለት

ሥሩ ሙሉ በሙሉ የበሰበሰ ተክል እንኳ ጫፉ ሕያው ከሆነ ዘሩ ይተርፋል። መኒ ፕላንትን ከአንጓው ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ፤ አንጓው ውሃ ውስጥ፣ ቅጠሉ ከውሃ ውጭ ይሁን። የውሃ ሃይላንድ ቆርጣችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። በየሦስት አራት ቀኑ ውሃውን ቀይሩ። በሁለት ሦስት ሳምንት ሥር ያወጣል፤ ሥሩ ሦስት አራት ሳንቲሜትር ሲሆን ይተከላል። ስኔክ ፕላንትን ጣት ጣት በሚያህል ርዝመት ቆርጣችሁ ጥቂት ቀን ቁስሉ ይድረቅ፤ ከዚያ የታችኛውን ጫፍ ወደታች አድርጋችሁ አሸዋማ አፈር ውስጥ ሰኩት። ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል። ጠርዙ ቢጫ የሆነው ዓይነት ከቅጠል ሲተከል ቢጫውን አይዝም፤ አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ነው የሚወጣው። ሬት ከጎኑ የሚያወጣቸውን ልጆች ነቅላችሁ መትከል ነው።

ጄራኒየምን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። በእናቴ ሙት ዓመት ደባርቅ ሄጄ ጎረቤቷ ቤት ገባሁ። መስኮቷ ላይ ያው ቀይ ጄራኒየም ቆሟል። "እናትሽ ናት የሰጠችኝ፤ በፊት እኔ ነበርኩ የሰጠኋት፣ የእኔ ሲሞት መለሰችልኝ" አለችኝ። ሦስት ቅርንጫፍ ቆርጣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። አንድ ጣት ተኩል በሚያህል ርዝመት ከአንጓው ስር እኩል አደረግኳቸው። የታችኛውን ቅጠል አነሳሁ። ቁስላቸው እንዲደርቅ አንድ ሌሊት አሳደርኳቸው፤ ጄራኒየም በትኩሱ ከተተከለ ይበሰብሳል። አሸዋ የበዛበት አፈር ውስጥ ሰካኋቸው። በፌስታል አልሸፈንኳቸውም፤ መታፈን አይወዱም። በስኒ አጠጣኋቸው። በአራተኛው ሳምንት በቀስታ ሳብ ሳደርጋቸው ሁለቱ ያዙ። ጸድቀዋል። አንዱን ለአከራዬ ሰጠሁ።

መንገድ ስትወጡ

እስከ ሁለት ሳምንት ለሚሆን ጉዞ ፈትል ይበቃል። ወፈር ያለ የጥጥ ፈትል ሦስት አራት እጥፍ አድርጋችሁ ግመዱ። አንዱን ጫፍ አፈሩ ውስጥ ጣት ያህል አስገቡ፣ ሌላውን ከጎኑ ያለ የውሃ ዕቃ ውስጥ እስከ ታች ልቀቁት። የውሃው ዕቃ ከመትከያው ትንሽ ከፍ ይበል። ፈትሉን መጀመሪያ በውሃ ነክራችሁ አርጥቡት፤ ደረቅ ከሆነ ውሃ አይስብም። ሳትሄዱ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ሞክሩት። አፈሩ ጭቃ ከሆነ ፈትሉን አሳሱት። ሬትና ስኔክ ፕላንት ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም፤ አንድ ወር ይችላሉ።

ከዚያ በላይ የምትቆዩ ከሆነ ቁልፍ ለጎረቤት መስጠት ግድ ነው። ስትሰጧት ግን "አበባዬን አጠጪልኝ" አትበሏት። እሷም ታዝንላችኋለች፣ አብዝታ ታጠጣዋለች። አፈሩ ውስጥ ጣቷን አስከትታችሁ አሳዩአት፣ ስኒውንም እዚያው አበባው አጠገብ አስቀምጡላት። "እዚህ ድረስ ደርቆ ካገኘሽው በዚች አንድ። እርጥብ ከሆነ ዘግተሽ ውጪ" በሏት።